አምስተኛው ሽቦ፤ የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ የኃይል ችግር ታሪካዊ አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ ወር፣ በሰሜን አሜሪካ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ «ኔስት» የተባለውን ዘመናዊ ቴርሞስታት በግድግዳቸው ላይ የገጠሙ ብዙ ቤተሰቦችን በውድቅት ሌሊት ብርድ ቀሰቀሳቸው። ምድር ቤት ያለው ማሞቂያ አልተበላሸም፤ ጋዙ አልተቋረጠም፤ የከተማው መብራትም አልጠፋም። የጠፋው በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሆኖ ማሞቂያውን «ተነሣ፣ ተኛ» እያለ የሚያዘው ትንሽ መሣሪያ ብቻ ነበር። አምራቹ ኩባንያ እንዳስታወቀው፣ ቀደም ባለው ዲሴምበር ወር በኢንተርኔት አማካይነት ለመሣሪያዎቹ የተላለፈው የፕሮግራም ማሻሻያ ጉድለት ስለ ነበረበት በውስጣቸው ያለው ባትሪ ተሟጦ አልቋል። ባለቤቶቹም መሣሪያውን ከግድግዳው ነቅለው፣ እንደ እጅ ስልክ በገመድ ኃይል ሞልተው፣ እንደገና እንዲያስነሡት ተመከሩ።

የቅርቡ ምክንያት የፕሮግራም ስሕተት መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ከበስተጀርባው አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ሌሊትና ቀን የኤሌክትሪክ ኃይል በማይለየው ቤት ውስጥ፣ ከማሞቂያው ጋር በሽቦ የተያያዘ መሣሪያ ሕይወቱ በባትሪ ላይ የተንጠለጠለው ስለ ምንድን ነው? ዘመናዊ ቴርሞስታት ገዝቶ የገጠመ ሰው ስክሪኑ ሲጨልምበት፣ ማሞቂያው ያለ ትእዛዝ ሲነሣና ሲጠፋ፣ ከምድር ቤቱም የማያቋርጥ የጠቅ ጠቅ ድምፅ ሲሰማ ብዙውን ጊዜ የተጋፈጠው ይህንኑ ጥያቄ ነው። መልሱ የሚገኘው በግድግዳው ውስጥ ተቀብረው በቀሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ታሪክ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱን በምድጃ፣ ገላውን በጋቢ ለሚያሞቅ የደጋ ሰው ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ አሠራሩን በአጭሩ መግለጹ ይበጃል። በብርድ አገር የአንድ ቤት ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ሲሆን የሚቀመጠውም በምድር ቤት ወይም በጓዳ ነው። ከዚያ የሞቀ አየር በቆርቆሮ ቦይ፣ ወይም የሞቀ ውኃ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይሄዳል። ቴርሞስታት የሚባለው መሣሪያ ግን ሰው በሚኖርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የክፍሉን ሙቀት ይመረምራል፤ ሙቀቱ ከተወሰነለት ልክ ሲወርድ ማሞቂያው እንዲነድድ፣ ልኩ ላይ ሲደርስ እንዲጠፋ ያዝዛል። በሚኒያፖሊስ፣ በዋሽንግተንና በቶሮንቶ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ የሚነኩት ይህን መሣሪያ ነው።

ሙቀትን በራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ አሳብ ጥንታዊ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኮርኔሊስ ድሬብል የተባለው ኔዘርላንዳዊ የፈጠራ ሰው ለእንቁላል መፈልፈያ ምድጃ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ስሙን ያወጣለት ደግሞ ስኮትላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንድሩ ዩር ሲሆን፣ በ1830 በፓተንት ያስመዘገበው ቴርሞስታት በሙቀት እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶችን በአንድነት በማጣበቅ የተሠራ ነበር። ሲሞቅ ይጎብጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይቃናል። ከዚያ በኋላ ለተሠሩት የቤት ቴርሞስታቶች የአብዛኛዎቹ መሠረት ይኸው የሁለት ብረት መጉበጥና መቃናት ሆኖ ቆይቷል።

ከሽቦ ጋር የተጋባው ግን በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ኋይትዎተር በምትባል ከተማ በነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ዋረን ጆንሰን የተባለ መምህር ያስተምር ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በብርድ ወራት በየሰዓቱ ከክፍል ወደ ክፍል እየገባ ቴርሞሜትር ይመለከታል፤ ከዚያም ምድር ቤት ወርዶ የማሞቂያውን የአየር መዝጊያዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዘበኛው በገባና በወጣ ቁጥር ትምህርት ይቋረጣል። ጆንሰን በ1883 በፓተንት ያስመዘገበው መሣሪያ ይህን ምልልስ የሚያስቀር ነበር፤ የክፍሉ ሙቀት ሲለወጥ የኤሌክትሪክ ንክኪ ይፈጠርና ምድር ቤት ያለ ደወል ይደወላል። ዘበኛውም ክፍሉን ሳይረብሽ መዝጊያውን ያስተካክላል። መሣሪያው ራሱ ምንም አያደርግም ነበር፤ ሥራው ማመልከት ብቻ ነው። ጆንሰን በ1885 በሚልዋኪ ከተማ ያቋቋመው ድርጅት ዛሬም በሕንጻ መቆጣጠሪያ ሥራ የታወቀው የጆንሰን ኩባንያ መነሻ ሆኗል።

በዚያው ዓመት በአጎራባቹ የሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ተወላጅነቱ ስዊስ የሆነው አልበርት ቡትስ ዘበኛውን ራሱን የሚተካ መሣሪያ ሠራ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ በግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታት ሽቦውን ያገናኛል፤ ምድር ቤት ያለውም ሞተር ክንዱን ግማሽ ዙር አዙሮ በሰንሰለት የምድጃውን የአየር ክዳን ያነሣል፤ የድንጋይ ከሰሉም ይቀጣጠላል። ክፍሉ ሲሞቅ ክንዱ ቀሪውን ግማሽ ዙር ዞሮ ክዳኑን ይመልሳል። ቡትስ ያቋቋመው ድርጅት ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ በኋላ በ1927 ከማርክ ሃኒዌል ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ሚኒያፖሊስ-ሃኒዌል የተባለው ታላቅ ድርጅት ሆነ።

በጆንሰንም ሆነ በቡትስ ሥራ ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ኃይሉ ያለው ከታች፣ ከምድጃው ዘንድ ነው። ከላይ ግድግዳው ላይ ያለው መሣሪያ የሚገናኝና የሚለያይ ብረት ብቻ ነው፤ አይበላም፣ አይጠጣም። የሙቀቱ መለዋወጥ ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ወደ እርሱ የሚሄዱት ሽቦዎች የሚመግቡት ሳይሆኑ እርሱ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ናቸው።

የድንጋይ ከሰሉ በነዳጅ ዘይትና በጋዝ ሲተካም ይህ ሥርዓት አልተለወጠም። ለውጡ በኃይሉ ምንጭ ላይ ነበር። ከማሞቂያው አጠገብ ትንሽ ትራንስፎርመር ይቀመጥና የቤቱን 120 ቮልት ወደ 24 ቮልት ያወርደዋል። በዚህ ዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ መስመር በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ መሠረት እንደ ዋናው መስመር ወፍራም ሽቦና የብረት ቧንቧ አያስፈልገውም፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይበቃዋል። ሽቦው ሰውን አይገድልም፤ ቤት የማቃጠል አደጋውም አነስተኛ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ቤት ሠሪውም የሚያስፈልገው ሁለት ሽቦ ብቻ ነበር፤ አንዱ ኃይሉን ከትራንስፎርመሩ ወደ ላይ ያመጣል፣ ሌላው ከቴርሞስታቱ ወደ ጋዝ መክፈቻው ቫልቭ ይመልሰዋል። በልማድ የመጀመሪያው «አር»፣ ሁለተኛው «ደብሊው» በተባሉት ፊደሎች ይታወቃሉ። ጉዞው የሚያልቀው ከቫልቩ ወጥቶ ወደ ትራንስፎርመሩ ሌላ ጫፍ በሚመለሰው ሽቦ ነው፤ ይህም «ሲ» ይባላል። «ሲ» ከማሞቂያው ሣጥን ወጥቶ አያውቅም፤ ከላይ የሚፈልገው አልነበረምና።

የዚህ ሥርዓት ፍጹም ምሳሌ በ1953 ለገበያ የቀረበው የሃኒዌል ክብ ቴርሞስታት ነው። መልኩን የነደፈው ታዋቂው ሄንሪ ድራይፈስ ሲሆን፣ መሣሪያው ዛሬ በኒው ዮርክ ኩፐር ሂዊት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ክዳኑ ሲከፈት እንደ ሰዓት ምንጭ የተጠቀለለ የሁለት ብረት ጥብጣብ ይታያል፤ በጫፉም ላይ የባዜቃ ጠብታ ያለበት ትንሽ የመስተዋት ብልቃጥ አለ። ጥብጣቡ ሲቀዘቅዝ ብልቃጡ ያዘነብላል፤ ባዜቃው ይንከባለልና ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ያገናኛል። ብልጭታው በመስተዋቱ ውስጥ ስለሚቀር ንክኪው አይዝግም፣ አቧራም አይደርስበትም። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ሳይነካ ሠላሳና አርባ ዓመት ቢያገለግል የሚያስገርም አይደለም። (ዛሬ አሮጌውን ነቅሎ አዲስ የሚተክል ሰው ይህን ብልቃጥ ከቆሻሻ ጋር መጣል የለበትም፤ ባዜቃ መርዝ ነውና። በአሜሪካ ይህን የሚሰበስብ ድርጅት በአምራቾቹ አማካይነት በ1998 ተቋቁሟል።)

ይሁንና በዚህ ምንም በማይፈልግ መሣሪያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥገኛ ነበረች፤ «አንቲሲፔተር» ትባላለች። ቴርሞስታቱ ማሞቂያውን ቢያጠፋውም በቦዩና በብረቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት ክፍሉን ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ይህን ለማስቀረት አምራቾቹ ከጥብጣቡ አጠገብ ቀጭን የመቋቋሚያ ሽቦ አኖሩ። ማሞቂያው በሚነድድበት ጊዜ ወደ ቫልቩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በዚህች ሽቦ ውስጥ ስለሚያልፍ ትግላለች፤ ጥብጣቡንም አሞቅታ ክፍሉ ልኩ ላይ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ንክኪው እንዲለያይ ታደርገዋለች። ኃይሉ የቫልቩ ነው፤ እርስዋ ግን በመንገዱ ላይ ቆማ ቀረጥ ትወስዳለች። ከመስመሩ ላይ ቆንጥሮ መኖር የተጀመረው በዚህች ሽቦ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት ማቀዝቀዣ ሲስፋፋ በግድግዳው ውስጥ ያሉት ሽቦዎች አራት ሆኑ። ለማቀዝቀዣው «ዋይ»፣ ለአየር ማራገቢያው «ጂ» ተጨመሩ። አሁንም አምስተኛው «ሲ» ከታች ቀረ። አንዳንድ ብልህ ሠራተኞች ለክፉ ቀን ብለው አምስት ጅማት ያለውን ገመድ ዘርግተው አንዱን ሳያገናኙ ከግድግዳው ውስጥ ጠቅልለው ትተውታል። ብዙዎቹ ግን የተጠየቁትን ብቻ አደረጉ። በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ ለማይፈለግ ሽቦ መዳብ ማባከን በዚያን ጊዜ ሞኝነት ነበር።

በ1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ባደረጉ ጊዜ ቴርሞስታቱ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1977 ፌብሩዋሪ 2 ቀን በቴሌቪዥን ባሰሙት ንግግር፣ ሕዝቡ የቤቱን ሙቀት ቀን በ65፣ ሌሊት በ55 ዲግሪ ፋራናይት (በሴልሲየስ 18ና 13 ገደማ) እንዲወስን ጠየቁ። በየማታው ዝቅ፣ በየጠዋቱ ከፍ ማድረግ ግን የሚረሳ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሰዓት ያላቸውና በፕሮግራም የሚሠሩ ቴርሞስታቶች ተፈላጊነታቸው ጨመረ። ሰዓትና የቁጥር ስክሪን ደግሞ ኃይል ይሻሉ። ግድግዳው ውስጥ የሚመግባቸው ሽቦ ስላልነበረ መፍትሔው የሱቅ ባትሪ ሆነ። የቁጥር ስክሪኑ የሚወስደው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው፤ ሪሌውም ቦታውን በሚለውጥበት ቅጽበት ካልሆነ በቀር ኃይል አይፈልግም። ጥንድ ባትሪ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግል ስለ ነበረ የአምስተኛው ሽቦ አለመኖር ለሌላ ሠላሳ ዓመት ተሸፍኖ ቆየ።

ሽፋኑን የገለጠው የሬዲዮ ግንኙነት ነው። በ2011 የቀረበው የኔስት ቴርሞስታትና ከእርሱ በፊትም በኋላም የመጡት መሰሎቹ ባለ ቀለም ስክሪን፣ ኮምፒዩተርና ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ሬዲዮ አላቸው። ይህን ሁሉ ተራ ባትሪ ለዓመት ሊሸከመው አይችልም። የኔስት መሐንዲሶች የመረጡት ዘዴ በመሣሪያው ውስጥ እንደገና የሚሞላ ባትሪ አኑሮ፣ እርሱን ከነባሮቹ ሽቦዎች ላይ በመቆንጠር መመገብ ነበር። ዘዴው በባለሙያዎች ዘንድ «የኃይል ስርቆት» ይባላል። ስርቆቱ እንኳ ባለቤት ነበረው፤ በ2012 ፌብሩዋሪ ወር ሃኒዌል በሚኒሶታ የፌዴራል ፍርድ ቤት በኔስት ላይ ክስ ሲመሠርት፣ ተጥሰዋል ካላቸው ሰባት ፓተንቶች አንዱ ይህንኑ የሚመለከት ነበር።

አሠራሩን መረዳት ብልሽቱን ለመረዳት ቁልፍ ነው። ማሞቂያው ጠፍቶ ሳለ በ«አር»ና በ«ደብሊው» መካከል 24ቱ ቮልት ሙሉ በሙሉ ይገኛል። ቴርሞስታቱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሳልፋል፤ ይህም በቫልቩ ጥቅል ውስጥ አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። መጠኑ ቫልቩን ለመክፈት ስለማይበቃ ማሞቂያው ምንም ሳያውቅ ባትሪው ይሞላል። ማሞቂያው በሚነድድበት ጊዜ ግን ሁለቱ ሽቦዎች ስለተገናኙ በመካከላቸው ቮልት የለም፤ የሚቆነጠርም ነገር የለም። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ለሰከንድ ጥቂት ሺህኛ ክፍልፋይ ያህል ንክኪውን እየከፈተ ድርሻውን ይወስዳል።

ይህ በ1960ዎቹ ከተሠራ ከባድ ሪሌ ጋር ሰላም ሊሆን ይችላል። በኋላ በመጡት፣ በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በሚታዘዙት ማሞቂያዎች ላይ ግን ችግር ይፈጥራል። አንዳንዱ ሰሌዳ ስሜቱ ስለታም ስለ ሆነ የተቆነጠረችውን ጥቂት ኃይል እንደ ትእዛዝ ይቆጥራታል፤ ማሞቂያው ማንም ሳያዝዘው ይነሣል፤ ወይም ሪሌው ጠቅ ጠቅ ይላል። ሌላው ሰሌዳ ደግሞ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ከሚገባው ያነሰ ስለሚሆን ባትሪው ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄዳል። መሣሪያውም ራሱን ለማትረፍ መጀመሪያ ሬዲዮውን፣ ቀጥሎም ስክሪኑን ያጠፋል። ባለቤቱ «ኢንተርኔቱ ተበላሸ» ብሎ ሲማረር በሽታው ከሽቦው ላይ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያለው ቴክኒሻን ስክሪኑ ወደ ጨለመ ቴርሞስታት ሲጠራ ምርመራውን ከታች ይጀምራል። በመጀመሪያ የሚመለከተው የማሞቂያውን በር ነው። ከበሩ ጀርባ በሩ ሲከፈት ኃይሉን ሁሉ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ሽቦ ሊቀጥል የወረደ ሰው በሩን በደንብ ሳይገጥም ቢተወው አዲሱ መሣሪያ «ሲገዛም የሞተ» ይመስላል። ቀጥሎ ፊውዙን ያያል። በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ላይ ከመኪና ፊውዝ የማይለይ የ3 ወይም የ5 አምፔር ፊውዝ ይገኛል፤ ኃይሉን ሳያጠፋ ሽቦ የቀየረ ሰው «አር»ን ከ«ሲ» ጋር ካነካካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ፊውዝ በሌለበት አሮጌ ማሞቂያ ላይ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው፤ ኪሣራውም ያንኑ ያህል የከፋ ነው። ከዚያም በመለኪያ በ«አር»ና በ«ሲ» መካከል 24 ቮልት ገደማ መኖሩን ከታችም ከላይም ያረጋግጣል። ከታች ኖሮ ከላይ ከሌለ ጉዳቱ በመካከል ነው።

በበጋ ወራት የሚያጋጥም አንድ ችግር በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ብዙ ሰው አሳስቷልና። ማቀዝቀዣው በሚሠራበት ጊዜ ከአየሩ የሚወጣው ውኃ በቀጭን ቧንቧ ይፈሳል። ቧንቧው ከተደፈነ ውኃው ቤቱን እንዳያበላሽ ተንሳፋፊ መቆጣጠሪያ ይደረግበታል፤ ውኃው ሲሞላ መስመሩን ይቆርጣል። በብዙ ቤቶች የሚቆረጠው «አር» ስለ ሆነ ቴርሞስታቱ ይጠፋል። ባለቤቱ አዲስ ቴርሞስታት ይገዛል፤ እርሱም አይበራም። መድኃኒቱ ቧንቧውን መጥረግ ብቻ ነበር።

የሽቦ ቀለም ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው። ሰማያዊው ብዙ ጊዜ «ሲ» ቢሆንም ከታች ምን ላይ እንደታሰረ ሳያዩ ማመን አይገባም። «ቢ» የተባለው ፊደል በአንዳንድ አምራች ዘንድ መመለሻውን፣ በሌሎች ዘንድ የሙቀት ፓምፕን አቅጣጫ የሚለውጠውን ቫልቭ ያመለክታል፤ ይህን ሳይለዩ ማገናኘት መሣሪያ አቃጥሏል። ከዚህ የባሰውም አለ። በክፍሉ ግድግዳ ሥር በሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በሚሞቁ ቤቶች ቴርሞስታቱ የሚያቋርጠው ዋናውን 120 ወይም 240 ቮልት ነው። አሮጌውን የፈታ ሰው ቀጫጭን ባለ ቀለም ሽቦዎች ሳይሆን ሁለት ወይም አራት ወፋፍራም ሽቦዎች ካገኘ እጁን መሰብሰብ አለበት፤ ለ24 ቮልት የተሠራ መሣሪያ ከዚያ ጋር አይገናኝም፤ ሰውም ይሞታል።

ለአምስተኛው ሽቦ እጦት የተገኙት መፍትሔዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉም በፊት የሚደረገው አሮጌውን መሠረት ፈትቶ ከግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ተጠቅልሎ የቀረ ሽቦ መኖሩን መመልከት ነው፤ የዚያ የአስተዋዩ ሠራተኛ ውለታ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከሌለ የማራገቢያውን «ጂ» ሽቦ ወስዶ ከታች ከ«ሲ» ጋር ማሰር ይቻላል፤ ነገር ግን ማራገቢያውን ለብቻው ማስነሣት ይቀራል፤ ማቀዝቀዣ ባለበት ቤትም «ዋይ»ና «ጂ»ን ከታች ማገናኘት ያስፈልጋል። በ2007 በቶሮንቶ የተመሠረተው ኢኮቢ ከማሞቂያው ዘንድ የሚታሰር ትንሽ ሣጥን አቅርቧል፤ አራቱ ሽቦዎች የአምስቱን ሥራ እንዲሠሩ ያደርጋል። ከግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ትራንስፎርመርም አለ፤ ገመዱ በግድግዳው ላይ ሲንጠለጠል ለዓይን ባያምርም ታማኝ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው አዲስ ገመድ መዘርጋቱ መሆኑን ባለሙያዎች ይስማሙበታል። በመጀመሪያ የሚታሰበውም አሮጌውን ሽቦ ከአዲሱ ጫፍ ጋር አስሮ ከታች መሳብ ነው። ነገር ግን በብዙ አሮጌ ቤቶች፣ ቡትስ መሣሪያውን በሠራባት በሚኒያፖሊስም ጭምር፣ የዚያን ዘመን ሠራተኛ ሁለቱን ሽቦዎች ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት ከእንጨቱ ምሰሶ ጋር በሚስማር አጥብቆ ስላሰራቸው ሲጎተቱ አይመጡም።